በአረቄ ጠርሙስ ላይ የተገኘው እጅ

አዲስ አበባ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ፤ ጋይንት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንዴት ከርመዋል? ዓይንዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝዎ ትከሻዎስ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። እናቴን ካሣነሽን ደህና ነው ይበሉልኝ፤ ለብቻዋ ደብዳቤ አልጻፍሁም ብላ እንዳትቀየመኝ።

ባለፈው ዓመት የላኩልኝ ብራና፣ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቁም ጽሕፈት የጻፉልኝ፣ በደህና ደርሶኛል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ አየው። እንደሚያውቁት እኔ እዚህ ፊደል ለቃሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እየለቀምሁ መስመር እደረድራለሁ። የምንለቅመው ፊደል ፈረንጅ የቀረጸው ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ እግሩ ቀጥኗል። የእርስዎን ሲያይ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አኃዙን አልጻፉልኝም ነበር። ከ፩ እስከ ፼ ያለውን፣ ነጥቦቹንም ሁሉ ጨምረው ቢጽፉልኝ። የፈረንጁንም አኃዝ በእርስዎ እጅ ቢሞክሩልኝ ደስ ይለኛል፤ መልኩን በዚህ ወረቀት ግርጌ ጽፌዋለሁ። ለመታሰቢያ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አይዎታለሁ።

በዚህ ነጋዴ እጅ መነጽር ልኬልዎታለሁ። ለዓይንዎ ይስማማ።

የእህትዎ ልጅ
ጥጋቡ


ጋይንት፣ መጋቢት ፳፱ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጥጋቡ፤ አዲስ አበባ።

የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፤ ወጥተህ ግባ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የዘንድሮው ገብስ መልካም ነበር፤ እናትህ ጎተራዋን ሞልታ አሁን ደግሞ አይጥ ገባ ብላ እንቅልፍ የላትም።

መነጽሩ ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድርጌው ብራና ባይ የቆዳው ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ታየኝ። ከአፍንጫዬ እየተንሸራተተ ግን ያበሳጨኛል።

አኃዙን ጽፌ ልኬልሃለሁ። የፈረንጁ ግን ምን ጉድ ነው? ሁለት ያልኸው አንገቱን የቀለሰ ቁራ፣ ሰባት ያልኸው ማጭድ! ስምንቱን ሦስት ጊዜ ሞክሬ በአራተኛው ነው የሆነልኝ። ለመሆኑ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል መታሰቢያ ይህ ሁሉ አኃዝ ምን ይሠራልሃል? ሰው አጎቱን ለማስታወስ እስከ እልፍ ይቆጥራል እንዴ?

እኔ አሁን የያዝሁት ተአምረ ማርያም ነው። ያስጻፉኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው፤ ታውቃቸዋለህ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ባልቴት። ልጃቸው አሰለፈች ሦስት ቀን አምጣ ሞተች ሲባል በተረፈች ጊዜ የተሳሉት ነው። ብራናው ሁሉ የራሳቸው ፍየሎች ቆዳ ነው። ሁለት ዓመት ጻፍሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ዓመት በፍልሰታ፣ በነሐሴ ፲፮፣ ለደብራችን ይገባል። ወይዘሮ የሺ በየወሩ በሃያ አንድ እየመጡ የተጻፈውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩን ቀለም ግን ያውቁታል። "እዚህ ላይ ስሟ አለ፣ እዚህም አለ" እያሉ ቀዩን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

እንደምታውቀው ሳልጾም ብርዕ አልይዝም። የአንተንም ፊደል ጾሜ ነው የጻፍሁልህ። እጄን ሰው ያውቀዋል፤ ከስማዳ እስከ እስቴ መጽሐፍ ሲገለጥ ስም ሳይነበብ "የወልደ ጊዮርጊስ እጅ ነው" ይባላል። ይህን ማለቴ ትዕቢት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ቢሆንም እውነት ነው። እንግዲህ ግድግዳህ ላይ ስትሰቅለው ጢስ የማይደርስበት ቦታ ምረጥለት።

አጎትህ
ወልደ ጊዮርጊስ


ጋይንት፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለጥጋቡ።

ሰላም ለአንተ ይሁን ማለት ሥርዓት ነውና ብያለሁ። ቀጥሎ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሰባት ወር ሙሉ ደብዳቤህን ስጠብቅ ነበር። ይኸው መጣ! በአረቄ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ መጣ!

የአለቃ ታፈረ ወንድም ተዝካር ነበር። አለቃ ታፈረ አሁን የደብራችን አስተዳዳሪ ናቸው። ካህናቱ ሁሉ ተቀምጠናል፤ ነጋዴው ወርቁ ከደብረ ታቦር ያመጣው አዲስ አረቄ አለ ተብሎ ጠርሙስ ቀረበ። አለቃ ታፈረ ሊቀዱ አንሥተው አልቀዱም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል፣ እኔን ያያሉ፣ ደግሞ ጠርሙሱን ያያሉ። "መሪጌታ፣ ይህን መቼ ጻፉት?" አሉኝ።

"ሰባት ኮከብ አረቄ፤ ለጤና ተስማሚ፤ ለወዳጅ ግብዣ" ይላል። በእኔ እጅ! ኮከብ የሚለው ካፍ የእኔ ካፍ ነው፣ ግብዣ የሚለው የእኔ ነው። ሰባትንም በዚያ በማጭዱ ጽፈውበታል። አረቄ የሚለው ደግሞ በቀይ ነው። ጥጋቡ፣ በቀይ! የእመቤታችንን ስም በምጽፍበት በቀይ ቀለም አረቄ! መነጽሩን አድርጌ ባየሁት ጊዜ እኔው ጽፌው የረሳሁት መስሎኝ ደነገጥሁ።

አልጻፍሁም ብዬ በተዝካሩ ላይ ማልሁ። ማን ይመነኝ? ዲያቆኑ ሳይቀር "የመሪጌታ ነው" ብሎ መሰከረ። በማግሥቱ ወይዘሮ የሺ በምርኩዛቸው ዳገቱን ወጥተው መጡ። አልተቀመጡም። "መሪጌታ፣ ስለቴን ከአረቄ ጋር አብረው ጻፉብኝ?" አሉኝ። ስልሳ ሦስት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም።

አንተ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት ያልኸው ብራና እግር አውጥቶ ነው ወይስ ምን ሆኖ ነው አረቄ ቤት የገባው? መልስህን ፈጥነህ ላክ።

ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ።

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይጨምርልዎ። ደብዳቤዎ ቢደርሰኝ እጅግ አዘንሁ። ያልጻፍሁልዎ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቼዎት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራናው በማተሚያ ቤት ታየ፣ ተወደደ፣ ወደ ውጭ አገር ተልኮ በእርሳስ ተቀረጸ። አጎቴ፣ ቢያዩት እኮ ይደሰቱ ነበር! አሁን አዲስ አበባን የያዘው የእርስዎ ፊደል ነው። የልጆች ማስተማሪያ በእሱ ታትሟል። ዳዊትም እየታተመ ነው፤ እኔ ራሴ ለቅሜዋለሁ። የጋዜጣ አርእስት በእሱ ይወጣል። የጨርቅ ሱቁ ሰሌዳ፣ ነጭ እርግብ የሚባለው ሳሙና፣ የክብሪቱ ሣጥን፣ የሠርግ መጥሪያው ሁሉ በእሱ ሆኗል። ደንበኛ ሲመጣ የፈረንጁን ፊደል እያሳየነው "ኧረ ያንን የደብሩን ስጡኝ" ይላል። ሰው ያምነዋል፤ በዚያ የተጻፈ ነገር የሚዋሽ አይመስለውም። የአረቄው ባለቤትም የመረጠው ለዚሁ ነው።

ፊደል ደግሞ ፊደል ነው። በዚያው በአልፋው አ አምላክም ይጻፋል፣ አረቄም ይጻፋል። ሀሁን የፈጠረ ሰው ሁሉን ሊቆጣ ነው እንዴ? እባክዎ ልብዎን አያስጨንቁ። ካህናቱም ሲሰነብቱ ይረሱታል።

ጥሩ የሱፍ ብርድ ልብስ ልኬልዎታለሁ። ለወይዘሮ የሺም ሻሽ አለበት።

ታዛዥ ልጅዎ
ጥጋቡ


ጋይንት፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለጥጋቡ፤ ዳዊት ለቃሚ፣ አረቄም ለቃሚ ለሆነው።

የላክኸውን ብርድ ልብስ ባመጣው ሰው እጅ መልሼልሃለሁ። ሻሹንም ወይዘሮ የሺ አላዩትም። ደህና መሆንህን እመኛለሁ፤ መመኘቴ ግን አሁን በትግል ነው።

"ታየ፣ ተወደደ፣ ተላከ፣ ተቀረጸ" ትላለህ። ማን አሳየው? ማን ላከው? ብራናው ራሱ አፍ አውጥቶ ቅረጹኝ አለ? አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጠህ ነበር፤ ስም ሳትጠራ ማምለጥን ማን አስተማረህ? እኔ አይደለሁም።

ሰው ያምነዋል አልኸኝ። ይኸ ነው ያቃጠለኝ! ለምን ያምነዋል? አባቶቻችን እየጾሙ፣ ዓይናቸው እየፈሰሰ፣ ወገባቸው እየጎበጠ ስለጻፉት ነው። በዚያ እጅ ሐሰት ተጽፎ ስላላየ ነው። አረቄ ሻጩ የወሰደው መስመሬን መሰለህ? ያን እምነት ነው ቀድቶ ጠርሙስ ውስጥ የከተተው። "ለጤና ተስማሚ" ብሎ! ወርቁ ነጋዴው በንፋስ መውጫ ገበያ "በመሪጌታ እጅ የተጻፈ" እያለ ይሸጠዋል፤ በዚህም ላይ ዋጋ ጨመረ አሉ። ፊደል የሁሉ ነው ላልኸው፣ አዎ የሁሉ ነው። እጅ ግን የአንድ ሰው ነው።

ላም እሳት ወለደች አሉ፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አንተም እንዲህ ሆነህብኛል።

ካህናቱ ይረሱታል አልህ? ስማ እንግዲህ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። ተአምረ ማርያሙ ዘጠኝ ቅጠል ብቻ ነው የቀረው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ብለው ፈረዱ። እጁን ለአረቄ የሸጠ ሰው የጻፈው በመቅደስ አይነበብም አሉ። እኔም ነገሩ እስኪጠራ ብርዕ ከብራና እንዳላገናኝ ታገድሁ። ይህን ደብዳቤ በወረቀት እጽፍልሃለሁ፤ ወረቀት አልከለከሉኝም። ወይዘሮ የሺ ከዚያ ወዲህ በሃያ አንድ አይመጡም። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ስለቴ ሳይገባ ብሞት ብለው ያለቅሳሉ አሉ።

የምፈልገው የሱፍ ልብስ አይደለም። ብራናውን ማን እንደወሰደ፣ ምን ብሎ እንደወሰደ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ያውቅ እንደ ነበርና እንዳልነበር እውነቱን ጽፈህ ላክ። በጉባኤው ይነበባል። ከፍልሰታ በፊት ይድረስልኝ።

አጎትህ፣ አሁንም አጎትህ
ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአለቃ ታፈረ፣ ለካህናቱ ጉባኤ፣ ለአጎቴም ለመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ።

እግራችሁን ስሜ ቃሌን እሰጣለሁ።

እኔ ጥጋቡ የመሪጌታ የእህት ልጅ ነኝ። አጎቴን ለመታሰቢያ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ብራናውን ተቀብዬ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሰጠሁ። "የማን እጅ ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "የእኔ ነው" አልሁ። የእኔ ነው ብዬም በውል ላይ ፈረምሁ። ስለዚህ የፊደል ለቃሚዎች ሁሉ ሹም አደረገኝ። አኃዙንም ያስጻፍሁት የዕቃ ዋጋ የሚታተምበት ስላልነበረ ነው። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንደሚባለው አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ እዚህ አደረሰኝ። አጎቴ ስለ አረቄው የሚያውቁት ነገር የለም። አንድ ሳንቲምም አልተቀበሉም። በዚህ ነገር ንጹሕ ናቸው።

ይህ ቃል በተራ ወረቀት ተጭሮ ቢቀርብ ለጉባኤው ክብር አይመጥንም ብዬ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ እኔው በማለፊያው ፊደል ለቅሜ፣ እኔው በወፍራም ወረቀት አትሜዋለሁ። ሃያ ቅጂ ነው። የአጎቴ ስም እንዲጠራ በስማዳ፣ በመካነ ኢየሱስና በሌላውም ደብር እንዲነበብ በነጋዴዎች እጅ ልኬአለሁ።

ጥጋቡ


ጋይንት፣ ሐምሌ ፲፩ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለጥጋቡ።

አንተ ሰው፣ ምን ብበድልህ ነው?

ቃልህ ደረሰ። በጉባኤው ፊት ተገለጠ። አለቃ ታፈረ አንድ መስመር አነበቡ፣ ቆሙ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። "መሪጌታ፣ ለራስዎ ምስክር በገዛ እጅዎ ይጽፋሉ?" አሉ።

በእኔ እጅ አትመኸዋል! ንጹሕ ናቸው የሚለውን በእኔ እጅ! አጎቴ አያውቁም የሚለውን በእኔ እጅ! በዓለም ላይ ስንት ፊደል አለ፤ ያ ሆዱ የተነፋው የፈረንጅ ፊደል የት ሄደ? ምነው አንድ ቀን እንኳ በእኔ እጅ ሳትጠቀም ብትውል!

የታተመ ነው፣ ማሽን ነው ብዬ ጮኽሁ። ሃያ አድርገህ የለ? ስምንቱን ከየሰዉ ሰብስቤ ጎን ለጎን ዘረጋሁላቸው። "እዩት እንግዲህ፣ አንዱ ከሌላው በምን ይለያል? የሰው ልጅ እንዲህ ይጽፋል?" አልሁ። አለቃ ታፈረ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መሪጌታ፣ እርስዎ የተመሰገኑት በዚሁ አይደለም? ሺህ ቅጠል ቢጽፉ ሀ ከሀ አይለይም እየተባለ?" አሉኝ። አርባ ዓመት የለፋሁበት ሙያ ተነሥቶ በራሴ ላይ መሰከረ።

ፊርማውን እዩ አልሁ። ፊርማህ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል ተጠማዝዛ እባብ መስላለች፤ ማን ያንብባት? የቀድሞ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ አሳየሁ፤ እነሱ በእርግጥ በእጅህ ናቸው። ግን ምን ይላሉ? "ታየ፣ ተወደደ፣ ተቀረጸ" ይላሉ! "ወሰድሁ" የሚል አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ። በእጅህ ስትጽፍ አልተናገርህም፤ ስትናገር በእጅህ አልጻፍህም።

ከመካነ ኢየሱስ ደግሞ ሰው መጣ። "የጋይንቱ መሪጌታ ራሱን የሚያመሰግን ወረቀት በየደብሩ ይበትናል" ይባላል አሉኝ። ድሮ የሚያሙኝ በአንድ ደብር ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አሁን ሦስት አገር አዳርሰህልኛል።

ክፋትህ ይቅር ይባላል፤ ይህን ደግነትህን ግን ምን ላድርገው?

ወይዘሮ የሺ ታመዋል። ሄጄ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "ፍልሰታን ካየሁ ይበቃኛል" አሉኝ። አሰለፈች ራስጌያቸው ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ስለቱ የእሷ ነፍስ ነውና።

የጉባኤው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ወረቀት አንቀበልም፤ ወሰድሁ የሚለው ሰው ራሱ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይማል ብለዋል። በሩን ይዘህ ከማልህ መጽሐፉ ይገባል፤ ካልመጣህ ዘጠኙ ቅጠል ባዶውን ይቀራል። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው አትበለኝ። አውቃለሁ። ሥራዬን አጣለሁ አትበለኝ። እኔ ሥራዬን አጥቼ ስድስተኛ ወሬ ነው።

እጄን ቀርጸው ያዙት፤ እግርህን ግን ማንም አልቀረጸውም። ተነሣና ና።

ወልደ ጊዮርጊስ


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ።

ሰላምታውን መጥቼ እጅዎን ስስም አደርሰዋለሁ። ከመኪና ወርጄ ደብረ ታቦር ገብቻለሁ። እግሬ አብጦ አንድ ቀን አርፋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው ከእኔ የበለጠ ጠንካራ ስለሆነ ቀድሞኝ ይሄዳል።

ለባለቤቱ ነገርሁት። እጁ የእኔ አይደለም፣ የአጎቴ ነው፣ ሰርቄ ነው ብዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነገርሁት። ይናደዳል ብዬ ነበር፤ ሳቀ! "እርሳሱን የከፈልሁበት እኔ ነኝ፤ አጎትህ ከፈለገ መጥቶ እርሳሱን ይላሰው" አለኝ። አጎቴ፣ ያን ጊዜ ነው የእርስዎ ቁጣ የገባኝ። አንገቱን ልይዘው ነበር፤ ሰው ገላገለን። ሹመቴንም ሥራዬንም እዚያው ትቼ ወጣሁ። ፊደሉን ግን ማስቀረት አልቻልሁም። አልዋሽዎትም፣ አይቀርም። ደብረ ታቦር ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የእርስዎን እጅ ነው፤ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተለጥፎ "ዱቤ ክልክል ነው" ይላል። ቆሜ አየሁትና በሰው አገር አለቀስሁ።

እንዳልመጣ ያደረገኝ መንገዱ አልነበረም። በዚያ በር ላይ ቆሜ፣ እናቴ እያየች፣ ሰረቅሁ ማለት ነበር የፈራሁት። አሁንም እፈራለሁ። ቢሆንም እመጣለሁ።

ይህን ወረቀት ለአለቃ ታፈረ ያሳዩልኝ። በጉልበቴ ላይ ደፍቼ በእጄ የጻፍሁት ነው፤ መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል፣ ቀለሙ ተዝረክርኳል፣ በሀ እግር ሥር ሐ ገብቶ ይታገላል። ብራናዎን ሰረቅሁ። ዋሸሁ። የእኔ ነው ብዬ ፈረምሁ። ይህንንም የመሪጌታ እጅ ነው ካሉ እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍረድ።

በነሐሴ አሥራ ሁለት እደርሳለሁ። ለበዓሉ አራት ቀን ይተርፈናል፤ ዘጠኝ ቅጠል ነው የቀረዎት። ቀዩን ቀለም በጥብጠው ይጠብቁኝ።

ጥጋቡ